ባዶው ቅንፍ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮው» ነበር የሚሉት። ሥራው የተቀዳ የፍርድ ቤት ችሎት እያዳመጠ በጽሑፍ መገልበጥ ነው። ሦስት ሰው ባንድ ላይ ቢንጫጫ የእያንዳንዱን ለይቶ ያወጣል፤ ምስክር ቃሉን ሲውጥ እንኳ አያመልጠውም። ዓይኑ የጠፋው በጎረምሳነቱ ነው። በሽታው አመጣጡ ቀስ ብሎ ነበር፤ መጀመሪያ ማታ ማታ ከዕቃ ጋር ያጋጨዋል፣ ቀጥሎ ጥቃቅኑን ነገር ይሰውርበታል፣ ኋላ ግን ሁሉንም ጠቅልሎ ወሰደው።

ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ የተያያዘች ጡብ የምታህል ሳጥን ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ታነብለታለች። ድምፅዋ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ድምፅ ነው። ባልደረቦቹ «ሚስትህን ዛሬም ጉንፋኑ አልለቀቃትም?» ሲሉት «ከነጉንፋኗ ከእናንተ ትሻለኛለች» ይላቸዋል።

አንድ ቀን አሮጌው ኮምፒውተር ተቃጠለና አዲስ መጣለት። ሳጥኗ ዝም አለች። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ብዙ ሞከረና፣ አዲሱ ማሽን ላይ የተጫነው ሥርዓት እንዲህ ያለ የጥንት ዕቃ እንደማያውቅ ነገረው። መላው አንድ ብቻ ነበር። የሥርዓቱን እምብርት፣ ከርነል የሚሉትን፣ ከነምንጭ ኮዱ ማውረድ፤ ምን ይግባ ምን ይቅር የሚለውን መስመር በመስመር መምረጥ፤ ከዚያ ኮምፓይል አድርጎ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ለውጦ፣ አዲስ መሥራት። መስመሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ባለሙያው ጊዜ እንደሌለው ሳይደብቅ ነገረው፤ ኃላፊው በበኩላቸው እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሡት።

ጆሮው ኮምፒውተሩን ቤት ወስዶ እህቱን ለመናት። ታናሹ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ አብረው ይኖራሉ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ታውቃለች እንጂ ቃሉ ምን እንደሆነ አታውቅም። እሷ ፊደል በፊደል ትቆጥርለታለች፣ እሱ ገጣጥሞ ይተረጉምና ይወስናል። ከየመስመሩ ፊት ቅንፍ አለ። በቅንፉ ውስጥ ኮከብ ካለ ነገሩ ከርነሉ ውስጥ ይገባል፤ ባዶ ከሆነ ይቀራል።

«ይሄኛው ቲቪ ነገር ይላል፣ ጋሼ።»

«ተዪው። ማን ሊያየው ነው?»

እሱ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ዘግየት ብላ ነው።

መርጠው ሲጨርሱ ኮምፒውተሩ ከሰዓቱን ሙሉ እያጓራ ኮምፓይል አደረገ። አጥፍተው ሲያስነሡት ሳጥኗ ትንፍሽ አላለችም። እህቱ ስክሪኑ ላይ የቀረውን ብትቆጥርለት፣ ማሽኑ የገዛ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት ቆሟል። በነባሩ ከርነል አስነሥተውት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ያው ሆነ። በሦስተኛው ትዕግሥቱ አለቀና ልብሽ ከኔ ጋር አይደለም ብሎ ተቆጣት። እሷ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋችና ማንበቧን ቀጠለች።

በመጨረሻ ባለሙያው የዕረፍት ቀኑን ሠውቶ ቤታቸው መጣ። ብዙም አልፈለገም።

«የዲስኩ መስመር ባዶ ነው» አለ። «ይሄን ማን ነው ያነበበው?»

ጆሮው ያንን መስመር አልረሳውም። ደጋግሞ ጠይቋታል፤ ሁሌም «ኮከብ አለው» ነበር መልሷ። ባለሙያው ኮከቡን አስገብቶ፣ ማሽኑን ሥራ አስጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ጆሮው ጠበቀ። በሩ ሲዘጋ ወደ እህቱ ዞረ።

«ኮከቡ ይታይሻል? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ፊደሉና ቅንፉ ይታየኛል» አለች። «ውስጡን ግን በግምት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተኝ ወዲህ። ጎረቤቶቼ ናቸው የሚያስገቡልኝ።»

ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። ብነግርህ ምን ልታደርግልኝ ነበር አለችው። እውነቷን ነው፤ የሚያደርገው አልነበረውም። የባዕድ ሰው ማመንታት የማያመልጠው ሰው፣ አጠገቡ ተቀምጣ ስትገምት አልሰማትም። የተቆጣት ቁጣ ትዝ አለው።

ኮምፓይሉ አልቆ ማሽኑ ሲነሣ ሳጥኗ በዚያው በተደፈነ አፍንጫዋ ማንበብ ጀመረች። ያን ያህል የደከሙለት ነገር ሆነ፤ ከሁለቱ ደስ ያለው ግን አልነበረም።

መሥሪያ ቤት ሲመለስ ኃላፊው አክብረው ወንበር ሳቡለት። በዚያ አክብሮት መሰናበቱ ገባው። ድምፅ ሰምቶ ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ተገዝቷል። ስሕተቱ ብዙ ነው፣ ግን ይበቃናል አሉት። ኮምፒውተሩን ለራሱ እንዲያስቀረው ፈቀዱለት።

ቤት የዋለ ሰው ሆነ። እህቱን የቀራት ብርሃን ሳያልቅ ከሳጥኗ ጋር ላላምዳት ብሎ አንድ ቀን ማሽኑ ፊት አስቀመጣት። ሳጥኗ አነበበች፣ እሷ ሰማች፤ ደጋግማ ሰማች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ትለምጂዋለሽ።»

«አንተ ለመድከው?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ።

«አጥፋልኝ፣ ጋሼ።»

አጠፋላት። ተነሥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። እሱ ከተቀመጠበት ሆኖ መኪናዋ ስትነሣ፣ ጥቂት ሄዳ ስትቆም፣ ከዚያ የተሰፋው ሲተረተር ይሰማዋል። እንደገና ተነሣች። እንደገና ቆመች። መተርተሩ ግን ይበልጥ እየረዘመ ሄደ።