ሰዉ ጥቂት፣ መርከቡ ብዙ

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ከአምቦ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። በሌሊት ብወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮህብኝ ነበር። በገበያ ቀን ግን ከጉደር ሽንኩርት ጭነው በሚገቡ ጋሪዎች መካከል አንድ ቦርሳ ያዘለ ልጅ ማን ልብ ይለዋል? ወዴት ነህ ላለኝ ሁሉ "አዲስ አበባ፣ ቀለም ልገዛ" አልኩ። የሱቅ ታፔላ ጸሐፊ ስለነበርኩ ማንም አልጠረጠረም።

የዋዜማውን ሌሊት ግን አልተኛንም። እማዬ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ እያሸች ጭኮ ስታዘጋጅልኝ አደረች። ታናሽ ወንድሜ ቶሌራ አጠገቧ ተቀምጦ፣ "ለእሱ ሲሆን ቅቤው እንዴት በዛ!" ይላታል። "አንተም ስትሄድ ይበዛልሃል" አለችው። ሦስታችንም ሳቅን።

ለምን ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሱቅ ይዘጋል፣ ሱቅ በተዘጋ ቁጥር ታፔላ የሚያጽፍ ይጠፋል። ለውጥ መጣ የተባለ ሰሞን ቀለም እስኪያልቅብኝ ድረስ ጻፍኩ፤ ነጋዴው ሁሉ ለሱቁ አዲስ ስም ፈልጎ ነበር፣ "ተስፋ" የሚለውን ብቻ ስንት ቦታ እንደጻፍኩት አላውቅም። ከዚያ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ፣ ኔትወርኩም አብሮት። ሰርግ ላይ ግጥም እያነበብኩ እበላ ነበር፤ ሰርጉም ቀነሰ።

ገመቹ የሚደውልልኝ በዚህ መሃል ነው። ገመቹ አብሮ አደጌ ነው፤ ሁሉቃ ወንዝ ውስጥ አብረን ዋኝተናል፣ ቀድሞኝ ጅቡቲ ገብቷል። የእኛን ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። "አካም ጅርታ?"፣ እንዴት ነህ፣ ስትለው "ነጋ"፣ ሰላም ነው፣ ይልሃል። ቤተሰቡስ? ነጋ። ሥራውስ? ነጋ። ትናንት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ በመጀመሪያ ሰላም ነኝ ይልና ነው ወደ ቃጠሎው የሚገባው። ገመቹ ቃጠሎው ጋ ሳይደርስ ሁልጊዜ ካርድ ያልቅበታል። አንድ ቀን ግን ካርዱ ተረፈና፣ "ስማ ለሚ" አለኝ። "ሀገሩ ትንሽ ነው። ሰዉ ጥቂት፣ መርከቡ ብዙ። የሚያወርድ ሰው ጠፍቷል። እስቲ አስላው!"

አሰላሁት። እንዲህ ያለ ቀላል ሒሳብ በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ጊንጪ ላይ በመስኮት ድንች እያሳዩን አለፍን። ብርድ ነበር፤ ያንን ብርድ እንደዋዛ አለፍኩት። አዋሽን ስንወርድ ጭኮው ቀለጠ። ቅቤው በቦርሳዬ ስፌት ወጥቶ ጀርባዬን አራሰው፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬም "ልጄ፣ እናትህ እየተከተለችህ ነው" አሉኝ። ከድሬዳዋ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ደወሌ፣ ከደወሌ ደግሞ በእግር፣ ድንጋዩ እንደ ምጣድ በሚፋጅበት ሀገር። ስለ እግሩ ጉዞ ብዙ አልላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት አይድረስበት። ባሕሩን ሳይ ግን ቆምኩ። የወንጪን ሐይቅ ያየ ሰው ውሃ አይገርመውም ብዬ ነበር። የወንጪ ውሃ አጠገቡ ስትቆም ያቀዘቅዝሃል። ይህኛው እንደ ሾርባ ይተነፍስብሃል፣ ደግሞም አይጠጣም።

አሁን ስለ ሀገሩ ልንገራችሁ፣ ማንም አልነገረኝምና።

ሰዉ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ሶማሌው አለ፣ አፋሩ አለ፣ ዓሣ እየጠበሰ የሚሸጥ የየመን ሰው አለ፣ መስኮቱ በተዘጋ ትልቅ መኪና የሚያልፉ የብዙ ሀገር ወታደሮችም አሉ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ጠዋት በፈረንሳይኛ "ሳ ቫ?"፣ ደህና ነህ፣ ይሉሃል፣ ውሃ ከጠየቅህ ይሰጡሃል። እኩለ ቀን ላይ ከእኛ ሀገር የሚመጣው ጫት ሲገባ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው፤ ከኢትዮጵያ መጥቶ እንዲህ የሚከበር እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ከተማው ጸጥ ይላል። መርከቡም ብዙ መሆኑ እውነት ነው። የሚያወርደው ግን ክሬን ነው። አንድ የብረት አንገት፣ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ በቃ። የሀገሩ ወጣቶች ራሳቸው ሥራ አጥተው ጥላውን ተከትለው ከግድግዳ ግድግዳ ይዛወራሉ። ሰዉ ጥቂት ነው፤ ሥራው ከሰዉም ያንሳል። ገመቹ ይህችን ነው የዋጣት።

እሱ ፔካ ዱዝ በሚባለው ቦታ፣ ጭነት የሚጠብቁ የሀገራችን ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት፣ መኪና ያጥባል። እኔን እዚያው ለሾፌሮች ሽሮ በሚሠራበት ድንኳን አስገባኝ፤ ድስት አጥባለሁ። እንጀራው ከመኪናው ጋር ተጉዞ ስለሚደርስ ጠርዙ እንደ ካርቶን ነው። ባጌት የሚሉት እንደ አጣና የረዘመ ዳቦ ግን ከምድጃ ሲወጣ ይጣፍጣል፣ አልዋሽም።

የምናድረው ባልባላ በሚባል ሰፈር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ማታ እኔና ገመቹ እንተኛለን፤ ሌሊት መኪና የሚጠብቁ ሁለት የሐረርጌ ልጆች ቀን ይተኛሉ። ፍራሹ ቀዝቅዞ አያውቅም። አከራያችን ኻድራ ትባላለች፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች። ጠዋት ጠዋት መጥታ በር ላይ ጫማ ትቆጥራለች።

"አንድ ጫማ በዝቷል" አለች አንድ ቀን።

"እንግዳ ነው፣ እናቴ" አለ ገመቹ እኔን እያሳየ።

"እንግዳ ሦስት ወር ያድራል?"

"እኛ ሀገር እንግዳ ሂድ አይባልም።"

"እናንተ ሀገር ቤቱ የማን ነው? የእንግዳው?"

እኔ ደግሞ አፌን አልሰበስብም፤ "እናቴ፣ ቤቱ እኮ አያስተኛም። ቆርቆሮው ሙቀት ያስገባል፣ እስቲ ከሥሩ የሆነ ነገር አድርጊበት" አልኳት።

ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየችው። "ሙቀቱ ከቆርቆሮው አይደለም፤ ከእናንተ ነው። አራት ሰው ቀንና ሌሊት ሲተነፍስ ቤት ምን ይሆናል? እናንተ ሳትመጡ ይሄ ቤት ብርድ ነበር!"

ብርድ! ጅቡቲ ውስጥ! ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷም ሳቀች፤ እየሳቀች ኪራይ ጨመረች። ከዚያ ወዲህ ጫማችንን አቅፈን እንተኛለን። ሀገሬ እያለሁ የሕዝብ ቆጠራ ሊደረግ ነው፣ አይደረግም ሲባል ነው የኖርኩት፤ ተቆጥሬ የማውቀው በኻድራ ብቻ ነው።

ራፍል የሚሉትን ደግሞ ፖሊስ ሰፈር ዘግቶ ወረቀት የሌለውን ሲሰበስብ አየሁት። አማርኛ የሚሞክር አንድ ሸምገል ያለ ፖሊስ ክንዴን ያዘ።

"ከየት?"

"ከአምቦ።"

"አምቦ? ውሃው?" ፊቱ በራ። "እሱን እወደዋለሁ፣ ለሆድ ጥሩ ነው። እና አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ውሃው መጥቶ የለ?"

"ውሃው ታሽጎ ነው የመጣው" አለኝ። "አንተ ክዳንህ የታለ?" ቀልዱ ራሱን አስደሰተውና ለቀቀኝ። ሌሎቹን ጭነዋቸው ሄዱ።

የዚያን ዕለት ገመቹን ያዝኩት። "ለምን ዋሸኸኝ?"

"መቼ ዋሸሁ? አካም ጅርታ አልከኝ፣ ነጋ አልኩህ። ሌላ ምን ይባላል?"

"ሰው ጠፍቷል፣ አስላው ያልከኝስ?"

የጫማውን ክር ሲፈታና ሲያስር ቆየ። "ለሚ፣ እዚህ ኦሮምኛ የሚያወራ ሞልቷል፣ አማርኛም ሞልቷል። የእናቴን ቤት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ጎማ አጥብና ማታ ሁሉቃ ሞላ ይሆን ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እውነቱን ብነግርህ ትመጣ ነበር?"

እንዲህ ሲል ልታቅፈው ያምርሃል። አላቀፍኩትም። ግጥም የሚሉት ነገር ከተለየኝ ቆይቶ ነበር፤ ያን ቀን ድስት እያጠብኩ ሁለት ስንኝ መጣልኝ፦

ሰው ጥቂት ነው ብለህ ጠራኸኝ ወዳጄ፣
ጥቂት ልታደርገኝ አወጣኸኝ ከደጄ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ለራሴ አይደለም። በፋሲካ ሰሞን ቶሌራ መልእክት ላከልኝ፤ "ልመጣ ነው፣ እዚህ ምንም የለም" ይላል። ቶሌራ አምቦ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይጠግናል፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ማታ እማዬ ጋ ይገባል። ቢያንስ እሱን አተርፋለሁ አልኩ። ሙሉ ካርድ ሞላሁ፤ እኔ ቃጠሎው ጋ ሳልደርስ ካርድ ሊያልቅብኝ አይገባም። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰዉ ሁሉ ጫት ላይ ሲቀመጥ፣ ከክፍላችን ደወልኩለት። የሐረርጌዎቹ ልጆች ወጥተው ስለነበር ገመቹ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሏል።

"አካም ጅርታ፣ ለሚ?"

"ደህና አይደለሁም" አልኩት።

ወንድሜ በሕይወቱ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም።

"ስማኝ ቶሌ፣ እዚህ ሥራ የለም። እኔ ድስት አጣቢ ነኝ። ፍራሽ በየተራ ነው የምንተኛው። ጎሚስታውን ይዘህ እዚያው ሁን፣ እማዬን አደራ።"

"እንዲህ ትላለህ ብሎኛል።"

"ማን?"

"ገሜ ነዋ። 'የገባ ሰው በር ይዘጋል፣ ለሚም ይዘጋብሃል' አለኝ። እኔ ወንድሜ እንዲህ አያደርግም ብዬው ነበር።"

ወደ ገመቹ ዞርኩ። ጣሪያውን እያየ ነው።

"በር የለም እኮ ቶሌ! ምኑን ነው የምዘጋብህ?"

"እሱ ባዳው ና ይለኛል። የእናቴ ልጅ ደግሞ ቅር ትለኛለህ። ለብቻህ ብላው እሺ!"

"ልጅ አትሁን፣ እኔ የማወራህ..."

ያኔ ነው ከኋላው የሰማሁት። ሞተር ይነሳል፣ ረዳት ይጮሃል፦ "ደወሌ! አንድ ሰው! ደወሌ!"

"ቶሌራ፣ የት ነህ?"

"ድሬ።"

"ውረድ። አሁን ውረድ! ቶሌ፣ በእማዬ ሞት ውረድ!"

ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ። ጠፍቷል። ደግሜ ደወልኩ።

"ምን አልከው?" አልኩት ገመቹን። "ምን ብለህ ነው የጠራኸው?"

"ሰላም ብቻ ነው የተባባልነው" አለ። ተነሳና ፍራሹን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋው፤ በእኔና በእሱ መካከል ወለሉ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ የሚተኛበት ቦታ ተከፈተ።

ሲገፋው አይቻለሁ። ተው አላልኩትም።