ኮፒ የሌላቸው አራት ምንጮች

ሱንዱስ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ከመኪና ዕቃ ሻጮቹ በላይ ባለው ፎቅ የኮምፒውተር ጽሕፈት ከፍታ አሥር ዓመት ሠርታለች። ትምህርቷ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። የሕክምና ተማሪዎች ግን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ታቅፈው ያንን ጠባብ ደረጃ የሚወጡት ሪፈረንሱን፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ያለውን የምንጮች ዝርዝር፣ እሷ እንድትሠራላቸው ነበር። እያንዳንዱን ምንጭ በጫማ ካርቶን ቁራጭ ላይ ትጽፍና ጠረጴዛዋ ላይ በተራ ትደረድረዋለች። አማካሪ መምህሩ መሀል ላይ አንድ ምንጭ ይጨመር ያለ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይዛነፋል፤ እሷ ካርቶኖቿን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ታበጅለታለች። አንድ ሕግ ነበራት፤ የጽሑፉን ፎቶ ኮፒ በዓይኗ ሳታይ ካርቶን አትቆርጥም። ተማሪው ቢለምን ቢያለቅስ "ያላየሁትን አልጽፍም" ነው መልሷ።

ሕጓን የሻረችው ለይገረም ብቻ ነው። የጎረቤቷ የእትዬ ፋንታዬ ልጅ ነው፤ ሕክምና ሲማር ስድስት ዓመት ሙሉ በነጻ ጽፋለታለች። በ1998 ዓ.ም. የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያመጣ የአራት ምንጮች ኮፒ ጎደለ።

"ቤት ነው ያለው እትዬ፣ ነገ አመጣዋለሁ።"

"ሂድና አሁን አምጣው!"

"እኔንም አያምኑኝም?"

አመነችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

አራቱ ጽሑፎች የትም አልነበሩም፤ ይገረም ከራሱ ፈጥሯቸዋል። ፈታኞቹ ፈልገው ሲያጧቸው ምን ቢል ጥሩ ነው? "መርካቶ ያስጻፍኳት ሱንዱስ የምትባል ሴትዮ ከሌላ ተማሪ ሥራ ቀላቅላብኝ ነው።" ለእሱ አስተካክሎ እንዲመለስ ሁለት ሳምንት ተሰጠው። የእሷ ስም ግን ከተማሪ ተማሪ ተዛመተ፤ ሥራ የሰጧት ሁሉ እየመጡ ወረቀታቸውን ወሰዱ። ምክንያቱን ደፍራ የነገረቻት መቅደስ የምትባል ተማሪ ናት፣ እሷም የራሷን ወረቀት እየሰበሰበች።

በማግስቱ ሱንዱስ ይገረም በሚማርበት ሆስፒታል በር ላይ ጠበቀችው። ልትጮህበት ነበር የሄደችው። ሲያያት እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላት ግን መጮኹን ተወችው።

"እውነቱን ንገርልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችው።

"ከተናገርኩ እባረራለሁ እትዬ። እናቴን ያስቡልኝ።"

"የኔን ስም ምን ብለህ ጠራህ? ተሳሳትኩ ብትል ምን ነበረበት?"

"ማን ያውቅዎታል ብዬ ነው እኮ" አላት።

በክፋት አልነበረም የተናገረው፣ ከልቡ ነበር። ያ ነው ያንገበገባት። ስድስት ዓመት ደረጃዋን ሲወጣ ሲወርድ፣ የሚጠፋ ስም አላት ብሎ አስቦ አያውቅም።

ዛሬ የምትጽፈው የኪራይ ውልና ማመልከቻ ነው። ይገረም ተመርቋል። እትዬ ፋንታዬ ለምርቃቱ ድግስ ሁለት ጊዜ መጥታ ጠርታት ነበር፤ ሱንዱስ አልሄደችም። ለምን ቀረሽ ስትላት "አሞኝ ነው" አለቻት። ውሸቷን አልነበረም።