ቡሬ ያልሄድንበት ጠዋት

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው አንባቢ ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳይደክም ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ሞተር ስጠግን ኖሬያለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምሁ ነው የተማርሁት። ልጆቼንም "ማሽን አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው" እያልሁ አሳደግኋቸው። በቤቴ ማንኛውም ቁልፍ ከበሩ ጎን ባለው ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ቁልፍ በኪሱ ይዞ የሚያድር ልጅ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ባለቤቴ ስትታመም ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን እናቷን ልታስታምም ከነመኪናዋ መጣች። መኪናዋ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄድ ሃይብሪድ ናት። ቁልፏን ማሽከርከር የለም፤ ኪስ ውስጥ ካለ በሩ በእጅ ሲነካ ይከፈታል፣ ሞተሩም ማስነሻውን ሲጫኑት ይነሳል። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ከቤቱ አስጠግተን አቆምናት፤ ከሚስማሩ የሚለያት ግድግዳው ብቻ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አመሏ ተበላሸ። አንድ ቀን በሩ ይከፈታል፣ በማግስቱ እምቢ ይላል። አንድ ቀን ትነሳለች፣ ሌላ ቀን መብራቶቿ ብልጭ ድርግም ብለው ዝም ትላለች። ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትስቅ ነበር።

"አንተን ነው የምትመስለው። ካልፈለገች አትነሳም፤ ምክንያቷንም አትናገርም።"

እኔ ግን ልጄን ወቀስሁ። መብራት ሳታጠፋ፣ በር ሳትዘጋ ትተዋለች አልሁ። አንድ ቀን ልጄ፣ "አባዬ፣ ቁልፉ እዚህ ሲያድር መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ በሬዲዮ ሞገድ እየፈለገችው አትተኛም። በሩንና ማስነሻውን የምታሠራው ትንሿ ባትሪ የምትደክመው በዚያ ይመስለኛል፤ ቦታውን እንቀይረው" አለችኝ።

"ቁልፍ ግድግዳ አልፎ ባትሪ ይጠጣል?" አልኋት። "ሥርዓት ላለመያዝ ሰበብ አትፈልጊ።"

ዳግመኛ አላነሳችውም። ቁልፉን ረስታ በቦርሳዋ ይዛ ባደረች ቁጥር እቆጣት ነበር። መኪናዋ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር የምትነሳው በእነዚያ ቀናት ማግስት መሆኑን አላስተዋልሁም።

ባለቤቴ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቡሬ ያለችውን ታላቅ እህቷን ማየት። እህቷ እግሯን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም። መንገዱ ደግሞ በእነዚህ ዓመታት አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ተከፈተ ሲባል በማግስቱ ጠዋት ለመሄድ ተነጋገርን፤ ለእህቷም አስነገርን። ባለቤቴ ከሁላችን ቀድማ ተነስታ ለባበሰች። ለእህቷ ያስቀመጠችውን ማር ጭኗ ላይ አድርጋ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በሩ እምቢ አለ። ከቁልፉ ሆድ ውስጥ በምትወጣው ትንሽ የብረት ቁልፍ ከፈትነው። ልጄ ማስነሻውን ስትጫን መብራቶቹ ተንቀጥቅጠው ጠፉ።

"የጎረቤት አይሱዙ አለ። በገመድ ከባትሪው ጋር አገናኝተን እናስነሳት" አለች።

"በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት የለም። መንገድ ላይ ብትቆምስ? ደግሞ የሠፈር ሹፌር መጥቶ በእኔ ቤት ማሽን አያስነሳም።"

ከተናገርሁት ሁሉ እውነቱ የመጨረሻው ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልሁ። ከኋላ ያለችውን ትንሿን ባትሪ ፈታሁ፣ አጠበቅሁ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ባለቤቴ "ደክሞኛል፤ ቅዳሜ እንሄዳለን" ብላ ገባች።

በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ቅዳሜ አለፈ። በተከታዩ ሳምንት አረፈች። እህቷ ለቀብር መድረስ አልቻለችም።

በለቅሶው ሰሞን ጎረቤቱ ባትሪውን አስሞልቶ አስነሳት። ዘመድ ቁልፉን እየተቀባበለ ውሃና ዳቦ አመላለሰባት፤ ሲመሽ ቁልፉ ከመኪናዋ ርቆ ጓዳ ያድራል። አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረችም። ሰው ሲበተን ቁልፉን እንደ ደንቡ ሰቀልሁት። በአራተኛው ቀን በሩ እምቢ አለ። ባትሪውን አስሞልቼ ቁልፉን ጓዳ አሳደርሁት፤ ደህና ሆነች። ደጋገምሁት። ሁልጊዜም ያው ነው።

ልጄ የእናቷን ልብስ ስታጣጥፍ ገብቼ ነገርኋት። "ልክ ነበርሽ" የሚል ቃል ለልጅ ተናግሬ አላውቅም፤ ከብዶኝ ወጣ።

እሷም ቀና ሳትል፣ "ያን ቀን ሹፌሩን ልጠራው ተነስቼ ነበር" አለች። "እማዬ ቀሚሴን ይዛ መለሰችኝ። 'ተይው፣ በሰው ፊት አታሳፍሪው። እህቴ ትቆይልኛለች' አለች።"

ትዕቢቴን ሥርዓት እያልሁ ስጠራው ኖሬያለሁ። ሚስቴ ስሙን ታውቀው ኖሯል።

ልጄ ከልብሶቹ መካከል የእናቷን ጋቢ ለየችና፣ "ይህን ለእማዬ እህት እርስዎ ያድርሱላት" አለችኝ።

መንገዱ ሲከፈት በአውቶቡስ እሄዳለሁ። እህቷ ያን ቀን ምሳ አሠርታ እስኪመሽ በር በሩን ስታይ እንደዋለች ሰምቻለሁ። መኪና ተበላሽቶ ነው ብለዋታል። እኔ እንዲያ አልላትም።