የሕዝቅያስ «ሂን»

ቡራዩ፣ እኛ ሰፈር፣ ሁለት ቤት ወደ አንድ አቅጣጫ አይመለከትም። ሰፈሩ የተቆረቆረው በጨረቃ ነው፤ በጨለማ ምሰሶ የተከለ ሰው በሩ ወዴት እንደዞረ የሚያውቀው ሲነጋ ነው። የአንዱ በር የሚከፈተው በጎረቤቱ ጓዳ ላይ ስለሆነ ወጥ ሲወጣ እኩል እንቀምሳለን። ጭቃችንማ በክረምት ጫማ ይውጥና በመስከረም ይመልሳል፤ ብቻ የሚመልሰው የሌላ ሰው ጫማ ነው።

ግንበኛው ሕዝቅያስ ከወላይታ ከመጣ ጀምሮ የአዲስ አበባን ፎቅ ሲለስን ኖሯል። የለሰነው ግድግዳ ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠም ጅማ ይደርሳል። የራሱ ግን አንድ የጭቃ ክፍል ናት፤ ዱቄት ፋብሪካ ከምትሠራው ሚስቱ ከጣቢታ ጋር ይኖርባታል።

አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ቀይ ቀለም ይዘው መጡና ግድግዳዋ ላይ ትልቅ ኤክስ አሰመሩ። አንደኛው በጣቱ እያሳየ ለጓደኛው፣ «ማኒ ኩን ሂን ዲገማ» ሲል ሕዝቅያስ ሰማ። «ማኒ» ቤት እንደሆነ፣ «ዲገማ» ከመፍረስ የመጣ እንደሆነ ያውቃል። የእኛ መስመር ሰው ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛችን ከታክሲና ከገበያ አያልፍም።

ሮጦ ገባ። «ጣቢታዬ፣ ጌታ ይመስገን! አይፈርስም!»

«ታዲያ ኤክሱ ምንድን ነው?»

«ታይቷል ማለት ነዋ! ‹ሂን› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሂን ቤኩ፣ አላውቅም። ሂን ጂሩ፣ የለም። ሂን ዲገማ፣ አይፈርስም!»

በማግስቱ ሲሚንቶ ተሸክሞ መጣ። የጭቃዋን ቤት እንደ ባንክ ለሰናት፤ ኤክሱንም አብሮ ለሰነው። ልስኑ ከማማሩ የተነሣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደ መስታወት ፀጉሩን ያበጥርበት ጀመር። ሁለት ጎረቤቶችማ ወሬውን አምነው የሲሚንቶ ወለል አስፈሰሱ።

እሑድ ኦቦ ዋቆ መጡ። ይህ ሰፈር ጤፍ ሳለ ያርሱት የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«አከም ጂርታ፣ ሕዝቅያስ? ሰርግ አለ እንዴ? ቤቱን ሞሸርከው!»

«አይፈርስም ስላሉ ነው፣ ኦቦ። ይግቡ እንጂ።»

«በምን ቃል አሉ?»

«ሂን ዲገማ።»

ሽማግሌው ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። «መጨረሻው ‹ማ› ነው ወይስ ‹ሙ›?»

«‹ማ› መሰለኝ።»

«‹ሙ› ቢሆን አይፈርስም ነበር። ‹ማ› ከሆነ ይፈርሳል ነው፣ ልጄ።»

«‹ሂን›ሳ?»

«‹ሂን›ማ ያጠነክረዋል። ‹ይፈርሳል እንጂ!› እንደ ማለት ነው።»

ጣቢታ ወደ ባሏ ዞረች። «አፉን አይተኸው ነበር? ‹ሙ› ሲባል ይሞጠሞጣል።»

«ጣቱን ነበር የማየው።»

«አሥር ጣት ካለው ሰው፣ አንዱን አፉን ትተህ!»

ሕዝቅያስ አፉን እያሾለ እየከፈተ «ሙ... ማ... ሙ...» ሲል ሰነበተ፤ ጥጃ የጠፋባት ላም መሰለ። ሊጠይቅም ማዘጋጃ ቤት ሄደ። አንዱ ጠረጴዛ በትሕትና ወደ ሌላው ሸኘው፤ ጠረጴዛው ሲያልቅ ራሱን መንገድ ላይ አገኘው።

ሐሙስ ጠዋት ዶዘር መጣ። «ፋዘር፣ ዕቃ አውጡ» አለ ሹፌሩ። ሕዝቅያስ ፍራሹን፣ ጣቢታ ሳህኖቿን አወጡ። ኦቦ ዋቆ ሹፌሩን በኦሮምኛ ለመኑት። እሱም አንገቱን ደፍቶ በለሰለሰ ድምፅ መለሰላቸው፤ ማንም ሳይተረጉምልን ገባን።

የመጀመሪያው ግፊት ግድግዳውን አልነቀነቀውም። ሰፈሩ አጨበጨበ፤ ሕዝቅያስም ሳያስበው ደረቱን ነፋ። በሁለተኛው ግፊት ግን ግድግዳው ሳይሰነጠቅ፣ እንደተለሰነ፣ በጀርባው ተኛ።

አቧራው ሳይወርድ ቁራሌው ደረሰ። «ቆርቆሮ አለ? ሚስማር አለ?»

ጣቢታ ባሏን አየችው። ሕዝቅያስ ሄዶ የወደቀው የጣራው ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ። ቁራሌውም ጆንያውን አነጠፈና ከጎኑ ቁጭ አለ፤ ሰው እስኪነሳ መጠበቅ ለእሱ ሥራው ነው።