ሦስቴ ስድስት

ወረቀቱ ላይ አሥራ ስምንት የሚለውን ቁጥር ሳይ ቀናሁ ብል ይቀለኝ ነበር። አልቀናሁም። ፈተና ሳርም ሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሳገኝ የሚሰማኝ ነገር ነው የተሰማኝ፤ ያዝኩህ የሚል ደስታ።

ጊዜው በዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሐረር ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ "ኤክስሬይ" የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ ኩረጃ ከእጄ አያመልጥም። በበጎ ፈቃድ ሲያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የአንድ ጨዋታ መመሪያ፣ ወፍራም ፎቶ ኮፒ፣ ትቶልን ሄደ። እያንዳንዱ ተጫዋች ወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ተዋጊም ይሁን ሌባ የራሱ ምርጫ ነው። የሰውየው ጉልበት፣ ብልሃትና ጤና ግን ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ባለው ዳይስ ነው የሚወሰነው። ሦስት ዳይስ ይጣላል፣ ድምሩ ይጻፋል። ከዚያ አንዱ ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፣ ተጫዋቾቹ በፈጠሩት ሰው ስም መንገድ ይመርጣሉ፣ ይዋጋሉ፣ አንዳንዴም ይሞታሉ።

ሦስት ነበርን። ዳኛዋ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ሌላው ተጫዋች ጓደኛዬ የሒሳብ መምህሩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰበሰበው በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ፣ እሱና እናቱ በሚኖሩበት ቤት ነበር። በዚያ ከተማ ጫማዬን አውልቄ የምገባበት ሌላ ቤት አልነበረኝም። ይህን እያወቅሁ ነው አፌን የከፈትኩት።

ሕጉ ዳይስ ሰው ፊት ይጣላል ይላል። እሱ ግን የዚያን ቅዳሜ ወረቀቱን ሞልቶ ጠበቀን። ጉልበት አሥራ ስምንት፣ ጤና አሥራ ስድስት፣ ዝቅተኛው አሥራ ሦስት። የእኔ ተዋጊ ጉልበቱ ሰባት ነበር፤ በር ለመክፈት ሰው ይለምናል።

"ሦስቱም ዳይስ ስድስት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው?" አልኩት።

"ከሁለት መቶ አሥራ ስድስት አንዴ" አለ ወዲያው። አስተማሪ አይደል።

"ታዲያ ማን ፊት ነው የጣልከው?"

"ሰው ነበር።"

"ማን?"

ዳኛዋን አየት አደረጋትና ዓይኑን ሰበረ። "ምስክር አለኝ፤ ግን አልጠራም።"

"ተወው አቦ፣ ጨዋታ ነው" አለች ዳኛዋ። እኔ ግን እሱ እሷን ያየባትን ያቺን አስተያየት አይቻታለሁ። ፈተና ክፍል ውስጥ ብትሆን ወረቀቱን የምነጥቅባት ዓይነት ነበረች። እንደገና ይጣል አልኩ፤ አለዚያ አልጫወትም። ጥርጣሬዬን በጫት እንዳላሳብብ፣ አልቅምም።

ዳይሱን አንስቶ ጣለ። ጉልበት አምስት ወጣ። ሌላውም ከዚያ አልተሻለም። አያችሁ ብዬ ሳቅሁ። ያ ደካማ ሰውዬ በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ድልድይ ላይ ሞተ። እኔ ግን በዚህ አልበቃኝም፤ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጓደኛዬን "አሥራ ስምንቱ" ብዬ ጠራሁት፣ ሌሎቹም ተቀበሉኝ። ፈተና ሲደመር ሳይቀር "አሥራ ስምንቱ ደምሮታል፣ እንደገና ይታይ" እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮው በሩን ይከፍትልኛል፤ ስንወጣ ግን እስከ ጀጎል መውጫው ሸዋ በር መሸኘቱን ተወ። ጥፋቱ ቢሰማው ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ቀደም ብዬ ደረስኩ። እሱ ወጣ ብሏል። እናቱ መደቡ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከዓመት በፊት ታመው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው እንደነበር አውቃለሁ። በዚያ እጃቸው የእኛን ዳይሶች አንድ በአንድ እየለቀሙ ምንጣፉ ላይ ይጥላሉ።

"ግባ ልጄ፣ አሁን ይመጣል" አሉኝ። "ሐኪሙ ትንንሽ ነገር እያነሳሽ ጣይ ብሎኝ ነው። በፊት በሽምብራ ነበር፤ እየተንከባለለ አስቸገረኝ። ልጄ ይቺን ሰጠኝ።"

"ጎሽ እማማ፣ ተሽሎዎታል።"

"አልሐምዱሊላህ። ያ የእኔ ሰውዬስ እንዴት ሆነ?"

"የቱ?"

"ያ ጎበዙ። ጉልበቱን ሦስቴ ስድስት የጣልኩለት።" ፊታቸው በራ። "በዚህች እጄ እኮ ነው። ልጄ ከደስታው ወዲያው ወረቀቱ ላይ ጻፈው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዳትናገር ብቻ። የዚያች የዳኛዋ እናት አፎቻ ማኅበራችን ውስጥ ናት፤ ለደስታም ለሐዘንም አብረን ነው የምንቀመጠው። ሐጅ ደርሳ መጥታ ቁማር ትጥላለች ይሉኛል። እሱንም ለማንም ላይናገር ወላሂ አስብዬ አስምዬዋለሁ። አንተ እንኳ የቤት ልጅ ነህ።"

የቤት ልጅ ሲሉኝ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

"አለ ወይ ታዲያ ሰውዬው?"

"አለ እማማ" አልኩ። "ማንም አልቻለውም።" በዚያ ቤት ውስጥ የዋሸው እኔ ብቻ ነኝ።

ጓደኛዬና ዳኛዋ ተከታትለው ገቡ። እናቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄዱ። ዳኛዋ ወረቀት እየዘረጋች "አሥራ ስምንቱ፣ ዛሬ አዲስ ሰው ትፈጥራለህ አይደል?" አለችው።

"እንደሱ አትበይው" አልኳት። "የዚያን ቀን አላጭበረበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መምህራኑም ፊት እናገራለሁ።"

"በምን አወቅህ?"

"ምስክር አለ።"

"ማን?"

ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንጣፉ ላይ የተበተኑትን ዳይሶችም አየ። የፈራው እኔን ነበር፤ እንዳልናገር።

"አልጠራም" አልኩ።

ተራ በተራ አየችን። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው።

"ተመሳጥራችኋላ!" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ሁለታችሁም እዚህ፣ እኔ ፊት ነው የምትጥሉት።"

ያን ዕለት ስንጨርስ፣ ጓደኛዬ ጫማውን አድርጎ እስከ ሸዋ በር ሸኘኝ።