የጥቁሩ ጥድ ጫፍ

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚሁ ሰሚት፣ አንድ አትክልተኛ የጎረቤቴን የጥድ አጥር በኤሌክትሪክ መቀስ ሲከረክም ቆሜ አየሁት። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ አድርጎ ነበር የሚቆርጠው። እንዲህ የተከረከመ አጥር የታችኛው ክፍል ፀሐይ አጥቶ ይደርቃል። ምላሴን ስላላመንኩት ወደ ቤቴ ገባሁ። በአጥር ነገር ክፉ ነኝ፤ ይህን ክፋት የተማርኩት ግን ከደግ ሰው ነው።

እትዬ ብርቄ ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ችግኝ እያፈሉ ይሸጡ ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ እሳቸው ዘንድ እሠራ ነበር። በችግኞቹ መካከል ሟች ባለቤታቸው ከአንድ የውጭ አገር ሰው ተቀብለው የተከሉት ዛፍ ነበር። የጥድ ዘመድ ነው፤ የፈረንጅ ስሙን ስለማናውቅ ጥቁር ጥድ እንለው ነበር። ወደ ጎን ሳይንዘረፈፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቢከረክሙትም አይቀየምም። ከፍሬው የበቀለ ግን እናቱን አይመስልም። ስለዚህ የምናራባው ቅርንጫፍ ቆርጠን በመትከል ነበር፤ ያውም ከጫፉ፣ ወደ ላይ ከሚያድገው። ከጎን የተቆረጠ፣ ሥር ቢያወጣም፣ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጎን ነው የሚሄደው።

በዚያ ሐምሌ ዛፉ ለመንገድ ሥራ ሊቆረጥ ሆነ። እትዬ ብርቄ ጉልበታቸው አብጦ ተኝተዋል። ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ከመቆረጡ በፊት ሁለት ልጆቹን አትርፈው በባለቤታቸው መቃብር ግራና ቀኝ ቀጥ አድርገው ማቆም።

"ከጫፉ ነው፣ ልጄ። መሰላሉን አስደግፈሽ ውጪ" አሉኝ።

መሰላሉ በዝናብ ርሷል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የአራት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ሽማግሌ ገና አልተላከም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ወረድኩና እጄ ከደረሰበት፣ ከጎኑ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ ወሰድኩላቸው።

"ከጫፉ ነው?"

"አዎ፣ ከጫፉ ነው።"

ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። "እጅሽ ይባረክ። ነይ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ" ብለው ከሰሉ ላይ ከተጠበሰው በቆሎ ትልቁን ሰጡኝ። ዛፉ በሳምንቱ ተቆረጠ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ልጄን አዝዬ አብሬያቸው ወደ መቃብሩ ሄድኩ። እዚያ የተከልናቸው ሁለቱም ችግኞች ወደ ጎን አድገው መሬት ላይ ተጋድመዋል። አላስቻለኝም፤ እያለቀስኩ እውነቱን ነገርኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "የጎኑ ቅጠል እንደ ማበጠሪያ ግራና ቀኝ ይደረደራል፤ የጫፉ ግን ዙሪያውን ነው። የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን መልሰው አልላኩኝም? ዛፉ እኮ ከዚያም በኋላ ሳምንት ቆሟል።"

ጀርባዬ ላይ የተኛችውን ልጅ አዩ። "ለምን እንዳልወጣሽ ያኔውኑ ገባኝ፤ ይቺን በሆድሽ ይዘሽ መሰላል ላይ ላውጣሽ? ሌላ ሰው ብልክ ደግሞ 'እሷ ምን ሆና ነው?' ይባላል። ወሬው ሽማግሌዎቹን ይቀድማቸው ነበር።"

እትዬ ብርቄ ዛሬ እሳቸውም እዚያው፣ ከባለቤታቸው አጠገብ አርፈዋል። ክረምቱ ሲወጣ እየሄድኩ የተጋደሙትን ጥዶች ዝቅ ያለ አጥር አድርጌ እከረክማቸዋለሁ። እጄ ሲሠራ ሐሳቤ እዚያው ይመላለሳል። መዋሸቴ አሁን ብዙም አያሳፍረኝም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ዛፉ የእኔ፣ መቃብሩም የባሌ ቢሆን ኖሮ፣ ያቺን እርጉዝ ልጅ መልሼ መሰላሉ ላይ አወጣት ነበር።