በሳጥኑ ውስጥ የቀረው በረዶ

የምጽፈውን ሁሉ በትክክል አስታውሰዋለሁ ብዬ አልምልም። የሳጥኑ ቀለም ሰማያዊ ይሁን ነጭ ተምታቶብኛል፤ ወሩም ግንቦት ይመስለኛል እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ግን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት የራሴን ኢንሱሊን ስገዛ፣ ሻጯ ብልቃጡን በበረዶ ከረጢት ጠቅልላ፣ "አባቴ፣ ሙቀት ያበላሸዋል፤ የትም ሳይቆሙ ቀጥታ ወደ ቤት" ስትለኝ ዩሱፍ ትዝ አለኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ በፋርማሲ ተመርቄ በአንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት የሽያጭ ወኪል ከሆንኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት ክራባትና በቃሌ የያዝኩት ንግግር ነው። ድሬዳዋ ቀኗን ለሁለት እንደምትከፍል የነገረኝ የለም። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፤ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ወደ ቤቱና ወደ ጫቱ ይገባል። እኔ ደግሞ አሥር ብልቃጥ ኢንሱሊን በበረዶ ሳጥን ይዤ መጋላ ሰፈር፣ ወይዘሮ ኢክራም መድኃኒት ቤት ደጃፍ የደረስኩት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

በሩ ተቆልፏል። አጠገቡ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው አንድ ከሲታ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን በሸራ ይሸፍናል። ዩሱፍ ነበር።

"አቦ፣ በዚህ ሙቀት አንገትህን አስረህ ማን ሊጎትትህ ነው?" አለኝ ክራባቴን እያየ።

የያዝኩትን ስነግረው ሳቁን አቆመ። የእሱም ኢንሱሊን ከትናንት ጀምሮ አልቆበት ኖሯል። ፊት ለፊት ያለው ጭማቂ ቤት ፍሪጅ እንዳለው፣ ቢለምናቸው እንደሚያስቀምጡልኝ ነገረኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩ። አለቃዬ ሳጥኑን ከእጄ እንዳልለይ አስጠንቅቆኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን፣ በተመረቅኩበት ሙያ ልብስ ሰፊ ሊመክረኝ መሆኑ አልተዋጠልኝም።

ማር የፈሰሰበት አንድ ፈጢራ ቂጣ በላሁ። ማሩ ጣቶቼ ላይ ተጣብቆ እንደነበር ዛሬም ይሰማኛል። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ ጥላ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ ጥላው ሸሽቷል፣ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ነው። ክዳኑ እጄን ፈጀኝ። ስከፍተው ውኃው ላይ ጥፍር የምታክል በረዶ ስትንሳፈፍ አየሁ። ለዓመታት ሳስታውሰው የኖርኩት እንዲህ ነው።

ውኃውን ግድግዳው ሥር ደፋሁ፤ ብልቃጦቹን በመሐረቤ አደረቅኩ። አሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ኢክራም መጥተው በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ የጠየቁኝ በረዶው የት እንዳለ ነበር።

"አሁን ነው የደፋሁት፤ እስካሁን ቀዝቃዛ ነበር" አልኳቸው።

አንዱን ብልቃጥ በመዳፋቸው ይዘው ጥቂት አመነቱ። "እንግዲህ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ" ብለው አሥሩንም ፍሪጅ ውስጥ ደረደሩ። የመጀመሪያውን ዩሱፍ ወሰደ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ የስፌት መኪናው ቦታ ባዶ ነበር። ወይዘሮ ኢክራም ቀና ሳይሉ ነገሩኝ። ስኳሩ ወጥቶ፣ ራሱን ስቶ፣ ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን ተቀብሯል።

"ዋላሂ አንድ ቀን አላጓደለም" አሉ። "ጧትም ማታም ይወጋ ነበር።"

ከዚያ የተረፉትን ስድስት ብልቃጦች ከፍሪጅ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩልኝ። ምንም አልጠየቁኝም። እኔም ሌሎቹን ሦስቱን እነማን እንደወሰዷቸው አልጠየቅኩም።

በሥራው ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ እድገትም አገኘሁ። ሰውን የጥቂት ሰዓት ሙቀት ገደለው ብሎ መደምደም እንደማይቻል ሙያዬ ያስተምረኛል፤ ቁስል ይኖርበት ይሆናል፣ ሌላ ሕመምም እንዲሁ። ሙያዬ ሳያጽናናኝ ሲቀር ደግሞ ያችን የበረዶ ቁራጭ ምስክር አድርጌ እጠራታለሁ። አንዲት ቁራጭ ከቀረች ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ውኃው ቀዝቃዛ ከነበረ ለወይዘሮ ኢክራም አልዋሸሁም።

ባለፈው ሳምንት ከመድኃኒት ቤቱ እንደተመለስኩ ኢንሱሊኔን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ የወኪልነት ዘመን ማስታወሻ ደብተሮቼን ከቁም ሣጥን አወረድኩ። ለአለቃ የሚላከውን ሪፖርት ከማሳመራችን በፊት የዋልንበትን በየሰዓቱ ለራሳችን የምናሰፍርባቸው ናቸው። ገጹን አገኘሁት። ወሩ በእርግጥም ግንቦት ነበር። ከታች በራሴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ዘጠኝ ሰዓት። በረዶ የለም። ውኃው ሞቋል።"